ሐኪም «ሦስተኛው ገዳይ» ነው የሚለው ቁጥር እውነት ነው?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዛ ነበር። ሰሞኑን ግን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ደረሳት። በአሜሪካ ከልብ ሕመምና ከካንሰር ቀጥሎ ሰው የሚገድለው የሕክምና ስህተት ነው፣ በዓመት 250,000 ሰው ይሞታል ይላል። «እዚያ እንዲህ ከሆነ ጎንደር ላይማ ምን ሊሆን ነው?» ብላ አልሄድም አለች። ግማሹ ቤተሰብም ከእሷ ጋር ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ፣ አንብቤ ላሰማት ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ቁጥሩ ከሜዳ አልተነሳም። በፈረንጆቹ 2016 በአንድ የታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ግን 250,000 ሟች አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው የለም። ጸሐፊዎቹ ቀደም ብለው የተሠሩ አራት ጥናቶችን ወስደው ከታካሚዎች ስንት እጅ በስህተት እንደሚሞት አማካዩን አወጡ፣ ከዚያ ወደ 35 ሚሊዮን በሚሆን የአሜሪካ ሆስፒታል ተኝቶ ታካሚ አባዙት። ከአራቱ ጥናቶች በሦስቱ የተገኙት ሟቾች ደግሞ በእያንዳንዳቸው ከ20 አያልፉም! እስቲ አስቡት፣ አሜሪካ ሆስፒታል ተኝቶ የሚሞተው በዓመት ወደ 700,000 ነው። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ከሦስት ሟቾች አንዱን የገደለው ስህተት ነው ማለት ነው። በ2020 የየል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ያገኙት ግምት በዓመት ወደ 22,000 ሟች ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ስህተቱ ባይደርስባቸው ከሦስት ወር በላይ ይኖሩ ነበር የተባሉት 7,000 ገደማ። እሱም ቢሆን ብዙ ነው፣ ግን ከ250,000 ጋር አይገናኝም።

ተረኛዋ፦
እኔ ሪፈራል ሆስፒታል ነው የምሠራው። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከደባርቅ በላይ ካለው ገጠር የሚመጣልን ሰው ብዙውን ጊዜ ሰዓታት አልፈውበት ነው። ወላድ ደም ሲፈሳት አድራ፣ መኪና ተፈልጎ፣ መንገድ ተኬዶ ትደርሳለች። ከሞተች የምትቆጠረው እኛ ጋ ነው። የላካት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ሞት የለም። ይህን ሳያዩ «እዚያ ሆስፒታል ሰው ይበዛል የሚሞት» ማለት ያሳዝነኛል። ለአክስትህ ግን አትቅሪ ብቻ አትበላት፣ ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁት፦ የድምፅ ነርቭ የመነካት ዕድሉ ስንት ነው፣ ካልሲየሟ ቢወርድ ምን ይደረጋል፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ማን ይከታተላታል። አንገቷ ላይ ደም ቢጠራቀም መተንፈሻዋን ስለሚጫን ያ ሌሊት ዋና ነው።

አዘዞ ሰፈር፦
ቁጥሩን ተዉትና እኔን ስሙኝ። ወንድሜን ኦፕራሲዮን አስደርገን አጣነው። ምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ላከን፣ በመጨረሻ «ያው ያጋጥማል» ተባልን። እናቴ እስከ ዛሬ ገደሉት ነው የምትለው። እንዲህ የተደረገ ሰው ቴሌግራም ላይ ያየውን ባያምን ነው የሚገርመኝ።

ተረኛዋ፦
ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ቁጭ ብሎ ሊያስረዳችሁ የሚገባ ሰው ነበር፣ ይህን ሙያ ላይ ሆኜ ነው የምልህ። ወረፋው ብዙ ነው፣ ሐኪሙ ሌሊቱን አልተኛም፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ለናትህ ግን መልስ አይሆንም። ሐኪም ሳያጠፋም በሽተኛ ሊሞት ይችላል፣ አጥፍቶም ሊሆን ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ የፈረንጆቹ 1984 የታካሚ ካርዶች ተመርምረው፣ በሕክምናው ከተጎዱት ውስጥ ቸልተኝነት የተገኘባቸው ሩብ ያህሉ ናቸው። የናንተ የትኛው እንደሆነ ካርዱ ሳይታይ እኔም ሌላውም ልንነግርህ አንችልም። ስለዚህ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒውን አስቀሩ። መልስ ካጣችሁ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ በክልልም በፌዴራልም። ካርዱን አስቀርቦ ባለሙያ የሚያስመረምረው እሱ ነው። ማመልከቻው ላይ «ገደሉት» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳላችሁ በተርታ ጻፉ። ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን።