ጥቆማ፦ እናቴን የትኛው ሙዚየም ልውሰዳት?

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። ሞል መዞሩ ሰልችቷታል፣ ቤት መዋሉም እንደዚያው። ሰባ አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ሙዚየም ብወስዳት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምንም የማይነግራትን ሥዕል እያየች እንዳትቆም ፈራሁ። እኛ ያለነው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

— እህቴ፣ ባልቲሞር ውሰጃቸው። ዎልተርስ የሚባለው ሙዚየም፣ ኖርዝ ቻርልስ ጎዳና ላይ። መግቢያው በነፃ ነው። እኔ ሁለቴ ብቻዬን፣ አንዴ ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ፤ ከእናቴ ጋር የሄድኩት ሌላ ሙዚየም ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያው ክፍል ሂዱ። በጉልበት የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚወደውን ይይ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እንደ መዝጊያ የሚከፈት ክንፍ ያለው የእንጨት ሥዕለ ማርያም ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍሬ ጽዮን የተባለውን ሠዓሊ ፈለግ የተከተለ ሰው የሣለው። እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ሊቃነ መላእክቱ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም አለ። እኔ መግለጫውን ሳነብ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በመስታወቱ ፊት እጅ ነስታ ቆየች። ከዚያ በኋላ መግለጫ አላነበብኩም፤ እሷ ናት ያስረዳችኝ።

እዚያው ስብስብ ውስጥ የጉንዳ ጉንዶ ወንጌል አለ፣ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና። ጉንዳ ጉንዶ አጋሜ ውስጥ የሚገኝ የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ ደግሞ ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀልም አንሰግድም ብለው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ የተቀበሉ ናቸው። ፍሬ ጽዮን ደግሞ በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ ለሥዕለ ማርያም ስገዱ በተባለበት ጊዜ የሣለ ሰው ነው። አሁን የእሱ ተከታይ ሥዕልና የእነሱ ወንጌል በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ያውም ባልቲሞር። ሁለቴ የተመለስኩት ለዚህ ነው። ሥዕል አንሰግድለትም ያሉት መነኮሳት ወንጌላቸውን በምን ቀለም እንዳስጌጡ እይው!

እንደ ማራገቢያ ተጣጥፎ ሲዘረጋ ክብ የሚሆን የብራና ሥዕልም አላቸው። ግን ብራና ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ አይወጣም፣ ወንጌሎቹም እንዲሁ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ወንጌሉን ከነገጹ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ እናትሽ ግዕዝ የሚያነቡ ከሆነ ማታ ማታ ታብሌት ላይ ክፈቺላቸው።

ከአቅማቸው ከተረፈ የሩሲያው ጌጣጌጥ ሠሪ ፋበርዤ ቤት የሠራውን፣ በጋቺና ቤተ መንግሥት ስም የሚጠራውን ዕንቁላል አሳዪያቸው። የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1901 ለፋሲካ ለእናቱ የሰጠው ነው። ሲከፈት ውስጡ ከወርቅ የተሠራች ትንሽ ቤተ መንግሥት ናት፣ መድፎቿና ባንዲራዋ ሳይቀሩ። እናቴ «ለእናቱ ነው?» ብላ እኔን ገላምጣኛለች። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው፣ በአንድ ወቅት የሠዓሊው የሩበንስ የነበረው የአጌት ማሰሮም ጥሩ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ከፍተው እስከ ምሽት ያመሻሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ7 እስከ 2 ሰዓት። መኪና ከሌለሽ ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን ማርክ የሚባለውን ባቡር በፔን መስመር ይዘሽ ባልቲሞር ፔን ስቴሽን ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ሐምራዊው የከተማ አውቶቡስ በነፃ ነው።

— እኔ በዚህ አልስማማም። ለሚያማቸው ጉልበት ያን ያህል መንገድ ለምን? ዲሲ ናሽናል ጋለሪ በየቀኑ ክፍት ነው፣ በነፃ ነው፣ ዊልቸር ያውሳሉ። በመላው አሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታይ የዳ ቪንቺ ሥዕል ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ራሱ የሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ ቆመው፣ መብራቱ በላያቸው እየተንቦገቦገ ይሄዳሉ። እኔ አክስቴን ሁለቴ አመላልሻታለሁ፤ ዳ ቪንቺን ረስታዋለች፣ መብራቱን ግን እስካሁን ታወራለች።

— መብራቱ እውነት ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። እናት ግን ጂኔቭራ ፊት ሁለት ደቂቃ አይቆሙም፤ የእኔዋ ሥዕለ ማርያም ፊት ሩብ ሰዓት ቆማለች። ዊልቸር እንደሆነ ዎልተርስም አለ። ባልቲሞር ውስጥ ያለውን ሌላውን፣ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የማቲስ ሥዕል የሞላበትን የባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየምም እወደዋለሁ፤ የኮን እህትማማቾች የሰበሰቡት ነው፣ መግቢያውም በነፃ። እዚያ ግን ብቻሽን ሂጂ። የ1907ቱን «ሰማያዊ እርቃን» ከእናት ጎን ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።

— ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ዕረፍት ነኝ፣ ዎልተርስ እንሄዳለን። ነግሬያት ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አስጥታለች።