ሀገሩን የሚወድ ሰው የኢንተርኔት ገለልተኝነትን ይደግፍ ወይስ ይቃወም?

የከዚራው ኮምፒውተር ቤት፦
ትናንት ማታ "ሀገር ይቅደም" የሚባለው ሰው የጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "የኢንተርኔት ገለልተኝነት የፈረንጅ ሐሳብ ነው፣ ሉዓላዊ ሀገር በገመዷ ላይ ምን እንደሚያልፍ የምትወስነው ራሷ ናት" ነበር ያለው። እኔም ሀገሬን እወዳለሁ። በዚህ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ገለልተኝነት ማለት ኦፕሬተሩ መስመሩን ይሸጥልሃል እንጂ የትኛው ገጽ እንደሚፈጥን፣ የትኛው እንደሚንቀራፈፍ፣ የትኛው በርካሽ እንደሚከፈት አይመርጥልህም ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ቲም ዉ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003። ስሙ የፈረንጅ ይሁን፣ ችግሩ ግን የኛው ነው።

ሥራዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ማታ ማታ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄ ከነአሠራሩ የምለጥፍበት ትንሽ ድረ ገጽ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ መጣችና "ጋሼ፣ ገጹ አይከፍትልኝም" አለችኝ። ስልኳን ተቀበልኩ። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ኔትወርኩ ግን ሙሉ ነው። ፌስቡክ ይከፍታል። ቲክቶክ ይከፍታል። የኔ ገጽ ጋ ስትደርስ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ በቃ። ለካ የገዛችው የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ነው፣ እሱ ይረክሳላ። "ለምን ቴሌግራም ላይ አትለቅልንም?" አለችኝ። ለቀቅኩላት። ምን ላድርግ፣ ፈተናዋ ደርሷል።

እስቲ ሀገር ይቅደም፣ ይሄን አስረዳኝ። ድሬ ላይ በአማርኛ የተዘጋጀ ትምህርት፣ ከሱቄ ሁለት ሰፈር አልፋ ለምትኖር ልጅ ለመድረስ የውጭ ኩባንያ ደጅ መጥናት አለበት። ሉዓላዊነቱ የታለ?

ሀገር ይቅደም፦
አቦ፣ የልጅቷ ነገር ልቤን ነክቶታል፣ አልዋሽም። ግን በአንድ ተማሪ ስልክ የሀገር ፖሊሲ አይወጣም።

የዚህ ሐሳብ ባለቤቶች ራሳቸው አንድ ቦታ መቆም አልቻሉም። አሜሪካ በ2015 ገለልተኝነትን ደነገገች፣ በ2017 ሻረችው፣ በ2024 መልሳ አጸደቀችው፣ ጥር 2025 ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት ጣለው፣ ዓመቱ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው። እነሱ በአሥር ዓመት አራት ጊዜ የገለባበጡትን እኛ እንደ ታቦት እንሸከመው?

ገመዱን የዘረጋነው እኛ፣ ቪዲዮውን ጭኖ ገመዱን የሚያጨናንቀው የውጭ ኩባንያ፣ ማስታወቂያውን ሸጦ ትርፉን የሚወስደውም እሱ። "ሁሉንም እኩል አሳልፍ" ሲሉን ለኔ የሚሰማኝ "የኛን በነፃ አሳልፉ" ሲሉን ነው። ኤስኬ ብሮድባንድ የሚባለው የደቡብ ኮሪያ ኦፕሬተር ኔትፍሊክስን በፍርድ ቤት ሳይቀር ተሟግቶ የመስመር ክፍያ ጠይቋል። ይሄ ወንጀል ነው?

ሦስተኛውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰኔ 2012 ምን እንዳየን፣ ሐረር የራስ መኮንን ሐውልት በፈረሰ ሰሞን ሰው በስንት ወሬ እንደተንቀሳቀሰ። መንግሥት በዚያን ቀን ኢንተርኔቱን ሳይዘጋ እጁ ታስሮ ይቀመጥ የሚል ሰው የሞተ ዘመድ የለውም።

ሸዋ በር፦
ሐረር ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ያን ሰሞን እዚሁ ነበርኩ። የሞተ ዘመድም አለኝ፣ ስለዚህ እንደዚያ አትበል ወንድሜ።

ሁለት ነገር አትቀላቅል። ወንጀል የሆነን ነገር በሕግ ማስቆም አንድ ነገር ነው፣ ኦፕሬተር በንግድ ስሌት አንዱን አፍጥኖ ሌላውን መቅበር ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በነሱ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው የገለልተኝነት ደንብ ውስጥ ሕግ ያዘዘውን ማገድና የመስመሩን ደኅንነት መጠበቅ በግልጽ ተፈቅዷል። ስለዚህ "ገለልተኝነት የመንግሥትን እጅ ያስራል" የሚለው ልክ አይደለም። የሚያስረው የነጋዴውን እጅ ነው።

ስለ ሉዓላዊነት ከሆነ ደግሞ ከአሜሪካ ይልቅ ሕንድን ተመልከት። ፌስቡክ "ፍሪ ቤዚክስ" ብሎ ገባ። ጥቂት የተመረጡ ገጾች ያለ ዳታ ክፍያ ይከፈታሉ፣ የፌስቡክ የራሱ ገጽ አብሮ አለበት፣ ሌላው ዓለም በክፍያ። ለድሃ የተሰጠ ስጦታ ነው ተባለ። ሕንዶች ግን "መራጩ ማነው?" ብለው ጠየቁ፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኢሜይል በገፍ ጻፉ። የካቲት 2016 በነሱ አቆጣጠር፣ በይዘት ዓይነት ዋጋ መለያየት ተከለከለና ፍሪ ቤዚክስ ከሀገሩ ወጣ። ከዚያ የፌስቡክ ቦርድ አባል የነበረው ማርክ አንድሪሰን፣ ፀረ ቅኝ ግዛት አመለካከት ሕንድን በኢኮኖሚ ጎድቷታል የሚል ነገር ጻፈ። ሀገሩ ተቆጣ፣ ሰውየውም ይቅርታ ጠየቀ።

አየህ፣ እዚያ ገለልተኝነትን የያዘው የሀገር ወዳዱ ወገን ነው። ነፃ የወጣች ሀገር መንገዷን ለአንድ ኩባንያ አትሰጥም ብለው። አንተ ተቃራኒውን ይዘህ ነው ሀገር ይቅደም የምትለን።

የለገሃር ልጅ፦
ሸዋ በር ልክ ነው። እኔ በባቡር ደሞዝ ያደግኩ ሴት ነኝና በባቡሩ ልናገር።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የገባው በ1902 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ይቺ ከተማ የተቆረቆረችው በሱ ነው። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ገንዘብ ሰጥቶ መቆጣጠሪያውን እጁ አስገባ። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ ነበር፣ ሌላ መንግሥት ከኋላ እንደገባበት ሲያውቁ ተቆጡ። ሥራው ቆሞ ከርሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በዚያው አቆጣጠር በ1917 ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ጥያቄው ሐዲዱ ይኑር አይኑር አልነበረም። በሐዲዱ ላይ ማን ያዝዛል ነበር። ዛሬ በርካሽ ጥቅል ውስጥ የተመረጡት መተግበሪያዎች የማን ናቸው? የኛ ናቸው? እኔ አንድም አላየሁም።

ሳቢያን 04፦
ፉክክር ይፈታዋል እኮ። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ከአዲስ አበባ በፊት እዚህ ድሬ ላይ ሙከራውን ሲጀምር ሁላችንም ሁለተኛ ሲም ገዝተናል። ያልጣመህን ትተህ ትሄዳለህ።

የከዚራው ኮምፒውተር ቤት፦
ሳቢያን፣ ፉክክሩ ዋጋ ያወርድ ይሆናል። ግን ሁለት ኦፕሬተር ሲፎካከር ደንበኛ የሚስበው ሰው በሚወደው በትልቁ መተግበሪያ ነው። በኔ ገጽ ማንም ደንበኛ አይስብም። ፉክክሩ በበረታ ቁጥር እኔ እየራቅኩ ነው የምሄደው።

መጋላ፦
ሀገር ይቅደም የሚለው መንገድ መጨረሻው ራሺያ ነው። በነሱ አቆጣጠር ኅዳር 2019 "ሉዓላዊ ኢንተርኔት" የሚባል ሕግ ሥራ ላይ አዋሉ፣ በየኦፕሬተሩ መስመር ላይ የመንግሥት ማጣሪያ ተተከለ። መጋቢት 2021 ትዊተርን ሊያንቀራፍፉ ፈለጉ። የትዊተር አጭር አድራሻ "ቲ ዶት ኮ" (t.co) ነው። ማጣሪያው እነዚያ ፊደላት ያሉበትን ሁሉ ያዘ፣ ማይክሮሶፍት ዶት ኮም (microsoft.com) ሳይቀር፣ ውስጡ "t.co" አለበታ። ጥፋት የሌለበት ገጽ አብሮ ታነቀ። እዚህም በኛ አቆጣጠር ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ማን ተጎዳ? ወሬኛው በቪፒኤን ገባ። በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠው እህቴ ናት አምስት ወር የከሰረችው።

ሀገር ይቅደም፦
ሸዋ በር፣ ስለ ዘመድህ ይቅርታ፣ ያ ቃል ከአፌ መውጣት አልነበረበትም።

የሕንዱን በደንብ አላውቀውም ነበር፣ አነበብኩት። አንድ ነገር እቀበላለሁ። የውጭ መተግበሪያ በርካሽ፣ የሀገር ልጅ ገጽ በውድ የሚከፈትበት ጥቅል ከኔ አመለካከት ጋርም አይሄድም። ያን መከላከል አልችልም። በመዝጋቱ ላይ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ሊሞት ሲል መንግሥት ቁልፉን የሚይዝበት ሰዓት አለ። ክፍያውም ላይ እንደዚያው፣ ትልልቆቹ መክፈል አለባቸው።

የለገሃር ልጅ፦
ክፍያውን ኮሪያ ሞክራው በነሱ አቆጣጠር በ2024 ትዊች የሚባለው የቀጥታ ቪዲዮ መድረክ "የመስመር ዋጋው አልቻልነውም" ብሎ ጥሎ ወጣ። የተቀጡት ተመልካቹና እዚያ እንጀራ የሚበላው ወጣት ናቸው። ትልልቆቹ ይክፈሉ ከተባለ በግብር ይክፈሉ፣ እሱን አብሬህ እጮሃለሁ። በመስመሩ በር ላይ አይሁን።

ሸዋ በር፦
ቁልፉን ይያዝ ካልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ ይሁን። በስልክ ትእዛዝ አይደለም። እዚህ ላይ ትስማማለህ?

ሀገር ይቅደም፦
ፍርድ ቤት ሦስት ቀን ቢፈጅስ? ያኔ እኮ ሁሉ ነገር አልቋል። ላስብበት።

የከዚራው ኮምፒውተር ቤት፦
አስብበት ወንድሜ። እኔ ጥቅሉን የሚመለከተውን ብቻ ለይቼ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደብዳቤ እያረቀቅኩ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ለአንድ ጊጋ የሚከፈለው ብር ፌስቡክም ተከፈተ የኔ ገጽ አንድ ይሁን። ሀገር ይቅደም፣ ከፈረምክ ስምህ ከኔ ቀጥሎ ይገባል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሱቅ አለሁ፣ መብራት ካልሄደ እዚያው አትመን እንፈርማለን።