የ12 ዓመት ልጄ ከሶፋ አትነሳም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሁሉ ነገር በተሟላበት ሀብታም አገር ነው። መዋኛው፣ ሜዳው፣ የብስክሌት መንገዱ፣ ምኑ ቅጡ። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት በመኪና ትመጣና እስከ እራት ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። በሳምንት ሁለት ቀን ዋና ትማራለች። ሐኪሟ በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባት ስትለኝ ደነገጥኩ። ዋናው አይበቃም? እኔም ባለቤቴም ከሥራ የምንመለሰው ማታ 12 ሰዓት ነው። 60 ደቂቃ ከየት ይምጣ?

የሕፃናት ነርስ፦
እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የ146 አገሮችን መረጃ ተንትነው በ2019 ያወጡት ጥናት አለ። ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 81 በመቶው በበቂ አይንቀሳቀሱም። ሴቶቹ 85፣ ወንዶቹ 78 በመቶ። ሀብትም አላዳነም። የባሰው ቁጥር የደቡብ ኮሪያ ነው፣ 94 በመቶ።

60 ደቂቃው ግን በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። በ2020 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ የሳምንቱን አማካይ ነው የሚያየው። ጠዋት 15፣ በእረፍት 20፣ ማታ 25 ደቂቃ ቢሆን ይቆጠራል። ማውራት እየቻለች መዝፈን ካቃታት፣ በቂ ፍጥነት ላይ ናት። ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ትንፋሽ የሚያስቆርጥ፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይጨመርበት።

የዋና አሰልጣኝ፦
ዋናውን አታስቁሚያት፣ ለልብና ለሳንባ በጣም ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ። በ45 ደቂቃ ትምህርት ውስጥ ወረፋ አለ፣ ማብራሪያ አለ። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች በትክክል የሚዋኙት ብዙ ጊዜ ከግማሹ በታች ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ውሃ ክብደትን ይሸከማል። ስለዚህ አጥንትን እንደ ሩጫና እንደ ዝላይ አያጠነክርም። ገመድ ግዢላት። 10 ደቂቃ ገመድ መዝለል ቀላል እንዳይመስልሽ።

አንድ አባት፦
ስልኩን ንጠቂያት! ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

የ14 ዓመት ልጅ አባት፦
ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ልጄ ስልኩን ሰጠኝና ክፍሉ ገብቶ ተኛ። ሁለት ሳምንት ተኳርፈን ከረምን እንጂ አንድ እርምጃ አልጨመረም። ስልኩ ገደብ ይኑረው፣ እስማማለሁ። ግን በቦታው የሚተካ ነገር ካልመጣ ዋጋ የለውም።

እኛን የረዳን የትምህርት ቤት መንገዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1969 ከ5 እስከ 14 ዓመት ካሉ ልጆች 48 በመቶ ገደማ በእግር ወይም በብስክሌት ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት። በ2009 ወደ 13 በመቶ ወረደ። ልጆቹ ሰነፉ እንላለን፤ መኪና ውስጥ ያስገባናቸው ግን እኛ ነን። አሁን ልጄን ትምህርት ቤቱ 1 ኪሎ ሜትር ሲቀረው አወርደዋለሁ። ሲመለስም እዚያው ድረስ በእግሩ ይመጣል። ፈጠን ብሎ ስለሚሄድ በቀን 25 ደቂቃ ያህል ተገኘ። መጀመሪያ አጉረመረመ። በኋላ ሁለት ጓደኞቹ ሲቀላቀሉት እኔን ረሳኝ። መንገዱ ደህና መሆኑን ግን ቀድመሽ አብረሻት ሄደሽ እዪ።

የሦስት ሴቶች ልጆች እናት፦
የኔ እህት፣ እሷን ጠይቀሻታል? 12 ዓመት ብዙ ሴቶች ልጆች ስፖርት የሚሸሹበት ዕድሜ ነው። ሰውነት ይለወጣል፣ የወር አበባ ይመጣል። ትልቋ ልጄ ሩጫ ያቆመችው የሚመች የጡት መያዣ ስላልነበራት ነው። ለእኔ መናገር አፍራ ስድስት ወር ደበቀችኝ። ሰንፋ ነው ብዬ ስቆጣት ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትጠይቂያት። ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ሲሆን ይቀላቸዋል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ወጥተን 20 ደቂቃ ተራመድን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁሉም እንደሚያያት ነገረችኝ። ለካ ዋና ቀን ሆዴን አመመኝ የምትለው ለዚህ ነው። ዳንስ ብትሞክር ደስ እንደሚላት ነገረችኝ፤ ጓደኛዋ ጀምራለች። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱም ትምህርት ቤት በእግር ሊሄዱ ተስማምተዋል።

የዋና አሰልጣኝ፦
ለዋናው የመዋኛ ልብሷን ቤት ለብሳ ከላይ ቱታ ትደርብ። ስትጨርስ ደግሞ ብቻዋን ዘግታ የምትቀይርበት ቦታ እንዲሰጧት ጠይቂ። ይህን ሲጠይቁን ደስ ብሎን ነው የምናመቻቸው።