የጦስኝ ነቀላ በሕግ ይከልከል?

ደገኛው፦
ባለፈው በጣርማበር ሳልፍ ልጆች ጦስኝ ይዘው መኪናውን ከበቡት። አንድ እስር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስፈታው ግማሹ ሥር ነው፤ አፈሩ እንኳ አልረገፈም። አበባዋ ሐምራዊ የሆነች፣ ከስንዝር ብዙም የማታልፍ ቁጥቋጦ ናት። ሥሯ ከተነቀለ አበቃላት። ደግሞ የእኛዋ ዓይነት የኢትዮጵያ ደጋ ብርቅዬ ናት፤ ሌላ አገር ያለው ዘመዷ ነው። በሕግ ይከልከል ባይ ነኝ።

የመንዝ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ከከለከልክ ያ ልጅ ደብተሩን በምን ይግዛ? እኔም ጦስኝ ሸጬ ነው የተማርኩት። እናቴ ማጭድ ሰጥታኝ «ጫፍ ጫፉን፣ ሥሩን እንዳትነካ» ትለኝ ነበር። አሁን የሚነቀለው ነጋዴው በክብደት ስለሚገዛ ነው። ሥር ይመዝናላ! ሥር ያለበትን የሚገዛ ከጠፋ ማንም አይነቅልም።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ፈላጊው የበዛው «ግፊት ያድናል» ስለተባለም ነው። ዘይቷ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ጀርም ይገድላሉ፤ ስለዚህ ለሳልና ለጉንፋን ማፍላታችን መሠረት አለው። ግፊት ግን የቀነሰው በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ኪኒን ይተካል የሚል ማስረጃ የለም። አንድ አባት ኪኒናቸውን ትተው ጦስኝ ብቻ ሲጠጡ ከርመው መጡ። ስለካቸው ላይኛው 190 ሆነ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እባካችሁ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ኪኒኑን ግን አታቋርጡ።

ደገኛው፦
በዚህ እስማማለሁ። የመንዝ ልጅ ግን፣ ገዢው ሥሩን አይቶ ይመልሳል ብለህ ነው? እኔ ራሴ ቤት እስክገባ አላየሁም።

የመንዝ ልጅ፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን የመንዙን የሣር ምድር፣ ጓሳን አስብ። አያቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በጋራ ያጭዱ ነበር። ጥሶ የገባ ይቀጣል። ጦስኙንም አገሬው ራሱ ይዝጋው፣ ራሱ ይክፈተው።

ደገኛው፦
ጓሳ ባለቤት አለው። የመንገድ ዳሩን ግን ማን ይጠብቃል? ለዚያ ሕግ ያስፈልጋል፤ ቅጣቱም ልጁ ላይ ሳይሆን በኩንታል የሚጭነው ላይ ይሁን።

የመንዝ ልጅ፦
እንደዚህ ካልክ ከጎንህ ነኝ። ችግኝም ይታደል። ቅርንጫፉ እርጥብ አፈር ካገኘ ሥር ያወጣል፤ እናቴ ጓሮ አሁንም አንድ መደብ አለ።