ያሳደጉትን ልጅ ሸጦ የሌላ ክለብ ልጅ መግዛት፦ ለኳስ ነው ለሂሳብ?

ሰማያዊው ከአራት ኪሎ፦

ሰላም ቤተሰብ። የምጠይቀው የቼልሲ ደጋፊውን ብቻ አይደለም፣ ኳስ የሚወድ ሁሉ ይመልስልኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ክረምት የሆነው ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። ኢያን ማትሰንን ለአስቶን ቪላ ሸጥነው፣ ወደ 37 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ተባለ። በዚያው ሰሞን ከዚያው ከቪላ ኦማሪ ኬሊማን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በ19 ሚሊዮን አካባቢ ገዛን። ማትሰን እኮ በውሰት ከዶርትሙንድ ጋር ዌምብሌይ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከተጫወተ አንድ ወር እንኳን አልሞላውም ነበር። ኬሊማን ደግሞ ለቪላ ዋና ቡድን የተሰለፈበት ጨዋታ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይሄ ሳያንስ ነሐሴ ላይ ኮኖር ጋላገር ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄደ። ከሕጻንነቱ ጀምሮ ኮብሃም፣ የቼልሲ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ውስጥ ያደገ ልጅ። ያን ዓመት ሙሉ ማለት ይቻላል ተሰልፏል፣ ሪስ ጄምስና ቺልዌል ሲጎዱ የአንበልነቱን ጨርቅ ያሰረው እሱ ነበር። በዚያው ሰሞን ጆአዎ ፌሊክስ ከአትሌቲኮ መጣልን። ፌሊክስ ግማሽ ዓመት ሳይቆይ ሚላን በውሰት ወሰደው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። አሰልጣኝ አልፈልጋቸውም ስላለ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ልጆቹ ጎበዝ ስላልሆኑ ከሆነ ይነገረንና እንረፍ። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም፣ በጣምም ያናድደኛል።

ደብተር ያዥ፣ ሰንጋ ተራ፦

ወንድሜ፣ ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ይቺን ነገር ከሥር ከሥሯ ነው የተከታተልኳት። አጭሩ መልስ ለሂሳብ ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ ካላየነው ንዴቱ ዝም ብሎ ንዴት ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ።

ፕሪሚየር ሊጉ ፒ.ኤስ.አር የሚሉት ሕግ አለው። አንድ ክለብ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም፣ ይሄም ባለቤቶቹ ከኪሳቸው ከሸፈኑለት ነው። የብዙዎቹ ክለቦች ሂሳብ የሚዘጋው ጁን 30 ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ሰኔ 30 ሲደርስ ያለውን ሩጫ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እነሱም ጋ ያው ነው።

አሁን አንድ ተጫዋች በ50 ሚሊዮን ገዝተህ የ5 ዓመት ኮንትራት አስፈረምከው እንበል። መዝገብ ላይ ወጪው በየዓመቱ 10 ሚሊዮን እየሆነ ይከፋፈላል። ከ2 ዓመት በኋላ ልሽጠው ብትል ገና 30 ሚሊዮን ያልተቀነሰ ዋጋ አለው። በ35 ብትሸጠው ትርፍህ 5 ሚሊዮን ብቻ ናት። ከአካዳሚ የወጣው ልጅ ግን መዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ የለውም፣ ዜሮ ነው። በ35 ስትሸጠው 35ቱም ሚሊዮን የዚያ ዓመት ትርፍ ሆኖ ይገባል። ግቢህ ውስጥ የተወለደ ጥጃ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ገንዘቡ ሁሉ ትርፍ እንደሚመስለው ማለት ነው፣ የበላው ሳር አይቆጠርም። የሳሩ ነገር ደግሞ እውነት ነው፣ ለአካዳሚ የወጣ ወጪ ከዚህ ሕግ ስሌት ውጭ ነው።

ልውውጡ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ዝውውሮች ናቸው። ቼልሲም ቪላም የሸጡበትን ትርፍ በአንድ ጊዜ መዝገብ ላይ አሰፈሩ፣ የገዙበትን ግን ለዓመታት በተኑት። ማትሰንም ኬሊማንም በጨቅላነታቸው በክለቦቹ ያደጉ አይደሉም፣ በ16 ዓመት አካባቢ ከፒ.ኤስ.ቪ እና ከደርቢ የመጡ ናቸው፤ ግን የመጡበት ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ሂሳቡ ያው ነው። ቪላ በዚያው ጁን ከኤቨርተን ጋርም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ቲም ኢሮግቡናም ወደ ኤቨርተን፣ ሉዊስ ዶቢን ወደ ቪላ። ዶቢን ገና የቪላን ማሊያ ሳይለምደው በውሰት ወደ ዌስትብሮም ተላከ። ይሄ ልጅ ለአሰልጣኝ እቅድ ተብሎ የተገዛ ይመስላችኋል?

ጥቁርና ነጭ፣ አምባሳደር ሰፈር፦

እናንተ ስለ ማትሰን ታወራላችሁ፣ እሺ፣ ግን ማትሰን የለንደን ልጅ አይደለም። የኛን ልጅ ላስታውሳችሁ። ኤልዮት አንደርሰን። ኒውካስል አጠገብ ዊትሊ ቤይ ተወልዶ፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ክለቡ ውስጥ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። ጁን 30 ሊደርስ ሲል ለኖቲንግሃም ፎረስት በ35 ሚሊዮን ሸጡት። ከፎረስት ደግሞ በረኛው ቭላኮዲሞስ በ20 ሚሊዮን አካባቢ መጣ፣ በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ አልተሰለፈም። ያንኩባ ሚንቴም ለኛ አንድ የውድድር ጨዋታ ሳያደርግ ብራይተን ወሰደው። ያኔ አጥቂያችን ጎርደን ሊሸጥ ነው እየተባለ ስለነበር ብዙ ደጋፊ አንደርሰን ሲሄድ እፎይ አለ፣ እኔ ግን አላልኩም።

ሴት ሆኜ፣ በዛ ላይ የኒውካስል ደጋፊ ሆኜ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ማየት ምን እንደሚመስል አታውቁም። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ትልቁ ስክሪን የአርሰናል ወይ የማንቸስተር ነው። የኛ ጨዋታ ማኪያቶ ማሽኑ አጠገብ ባለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ነው የሚታየው፣ ያውም ድምፅ የላትም፣ ያውም አስተናጋጁ ከረሳት ሌላ ቻናል ላይ ትቀራለች። አንደርሰንን ያወቅሁት እዚያች ቴሌቪዥን ላይ ነው። ተቀይሮ ይገባል፣ ኳስ ሲቀሙት እልህ ይዞት የቀማውን ሰው ሃምሳ ሜትር ያሳድዳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች የሌላ ቡድን ደጋፊ ሆነው "ይሄ ልጅ ማነው?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ማርች 2025 ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፈን የካራባኦ ዋንጫ ስናነሳ፣ ከ1955 በኋላ የመጀመሪያው የሀገር ውስጥ ዋንጫችን፣ አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ዳን በርን ነው፣ ኒውካስል አጠገብ ያለችው የብላይዝ ልጅ፣ በ11 ዓመቱ የኛው አካዳሚ ያሰናበተው። ያ ደስታ ልዩ የሆነው የኛ ልጅ ስላገባ ነው እኮ። አንደርሰን ግን ሜዳ ውስጥ አልነበረም፣ ፎረስት ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አንዶራ ላይ ለእንግሊዝ ዋና ቡድን ተሰለፈ፣ እኔ ደግሞ ኮርቼም ተናድጄም አየሁት። ሂሳብ ክፍሉ ይሄን የት ነው የሚመዘግበው?

መድፈኛው 49፣ ስታዲየም፦

ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ያዘናችሁ ይገባኛል፣ ግን ትንሽ ሚዛን እንያዝ። ስሚዝ ሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የኛ የአርሰናል ነበር። ፉልሃም ሲሄድ ልቤ ተሰብሯል። ንኬቲያም በዚያው ወር ፓላስ ገባ። ከዚያስ? ወዲያው ኑዋኔሪና ሉዊስ ስኬሊ ዕድል አገኙ። ሉዊስ ስኬሊ ሲቲን 5 ለ 1 ስናሸንፍ ጎል አግብቷል። ትልልቆቹ ታዳጊዎች ካልሄዱ የትንንሾቹ ወረፋ መቼም አይደርስም።

ደግሞ አንተ ሰማያዊው፣ ኮል ፓልመርን ማን ሸጠላችሁ? ሲቲ ያሳደገው ልጅ ነው። በ42 ሚሊዮን ተኩል ወስዳችሁ በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 22 ጎል አገባላችሁ። ያኔ የሲቲ ደጋፊ ሲያዝን አብረኸው አዘንክ?

ሰማያዊው ከአራት ኪሎ፦

ፓልመር የሄደው መጫወት ፈልጎ ነው። ሲቲ ውስጥ እንደ ፎደን ያሉ ተደርድረውበታል፣ ቦታ አልነበረውም። ጋላገር ግን እየተጫወተ ነበር! ልዩነቱ ይሄ ነው። ልጅ ቦታ አጥቶ ሲሄድ መንገዱን ቀና ያድርግለት እላለሁ። ቦታውን ይዞ እያለ፣ አሰልጣኝ በየሳምንቱ እያሰለፈው፣ መዝገብ ላይ ዜሮ ስለተጻፈበት ብቻ መጀመሪያ እሱ ለሽያጭ ሲቀርብ ግን ሕጉ ራሱ ልጅ ያሳደገውን ክለብ እየቀጣ ነው ማለት ነው። ሜሰን ማውንት በ2023 ለዩናይትድ ሲሸጥም ይሄንኑ ብዬ ነበር፣ የሰማኝ አልነበረም።

የቡና ገበያ ዘመን ሰው፦

ልጆቼ፣ ከእንግሊዝ ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። እናንተ ልጃችን ተሸጠ ብላችሁ ታዝናላችሁ፣ ቢያንስ ተሽጧል። እዚህ እኛ ጋ አብዛኛው ተጫዋች የሚፈርመው ለ1 ወይ ለ2 ዓመት ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ባዶ እጃችንን ጥሎን ይሄዳል፣ የፊርማ ገንዘቡን ራሱ ተጫዋቹ ይቀበላል። እንደዚህ ከሆነ የትኛው ክለብ ነው ገንዘብ አውጥቶ የ14 ዓመት ልጅ የሚያሳድገው?

አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 የውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በኮሮና ምክንያት ጨዋታው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተዘዋወረ ስለነበር እኛ የቡና ደጋፊዎች ያን ሁሉ ጎል ያየነው በዲኤስቲቪ ነው። ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እኔ አላዘንኩም፣ ደስ ነው ያለኝ፣ ኮንትራት ስለነበረው በሥርዓት ተነጋግረው ነው የሄደው። በኋላ ጉዳት ሲደጋግመው ግን እንደ ገዛ ልጄ አሞኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ተጫዋች ኮንትራት እያለው ከሀገር ወደ ሀገር በክፍያ ሲዛወር የፊፋ የትብብር ክፍያ የሚባል አለ። ከዝውውሩ ገንዘብ እስከ 5 በመቶው ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የሰፈር ክለብም ቢሆን፣ ልጁ በስሙ ከተመዘገበ ድርሻ አለው። ዋናው ነገር ምዝገባው ነው። ልጅ የምታሰለጥኑ ወጣቶች እዚህ ካላችሁ፣ ወረቀታችሁን አደራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በፌዴሬሽን በኩል አስመዝግቡ።

ደብተር ያዥ፣ ሰንጋ ተራ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን 5 በመቶ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሰማያዊው፣ ሕጉ አሳዳጊውን ይቀጣል ያልከው ላይ አንድ ታሪክ ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ክለቦቹ ለመሸጥ የቸኮሉበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ብሬናን ጆንሰን የኖቲንግሃም ልጅ ነው፣ ፎረስት ያሳደገው። በ2023 ክረምት ፎረስት ሂሳቡ ሳይዘጋ ቢሸጠው የኪሳራ ገደቡን ከማለፍ ይድን ነበር። ዋጋው ይጨምራል ብለው ጠበቁ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ለቶተንሃም በ47 ሚሊዮን ተኩል ሸጡት። ዋጋው እውነትም ጥሩ ነበር፣ ግን ቀኑ አልፏል። ለገለልተኛ ኮሚሽኑ ብንጠብቅ የበለጠ አገኘን ብለው ተከራከሩ፣ አልሆነም፣ 4 ነጥብ ተቀነሰባቸው፣ ከመውረድም ለጥቂት ተረፉ። ኤቨርተን በዚያው ዓመት በሁለት ጊዜ 8 ነጥብ አጥቷል። ይሄን ያየ ክለብ ነው በሚቀጥለው ጁን ልጆቹን ይዞ ገበያ የወጣው። ጆንሰን ደግሞ በ2025 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ዩናይትድ ላይ ብቸኛዋን ጎል አግብቶ ለቶተንሃም ዋንጫ አመጣ።

ክለቦቹ ከ2026/27 ጀምሮ ፒ.ኤስ.አርን በሌላ ሕግ ሊተኩት ወስነዋል፣ ለቡድን የሚወጣው ወጪ ከገቢ 85 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ግን ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ እዚያም ይቆጠራል፣ ስለዚህ የአካዳሚ ልጅ አሁንም ለሻጭ ጣፋጭ ሆኖ ይቆያል። ብዙ ተስፋ አታድርግ።

ጥቁርና ነጭ፣ አምባሳደር ሰፈር፦

መድፈኛው፣ ያንተ ክለብ ለኑዋኔሪ ቦታ የከፈተው ፈልጎ ነው፣ የኛ ግን ቀን ገፍቶት ነው የሸጠው። አንድ አይደለም።

ሰማያዊው ከአራት ኪሎ፦

ደብተር ያዥ፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ፣ ንዴቴ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የኔ አቋም ይሄ ነው። መሸጥ ግድ ከሆነ ይሸጥ፣ ግን ክለቡ መልሶ የመግዛት መብት በውሉ ውስጥ ያስገባ። ሪያል ማድሪድ ካርቫሃልን በ2012 ለሌቨርኩሰን በ5 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠው፣ ውል ነበራቸው፣ በዓመቱ በ6 ሚሊዮን ተኩል መለሱት። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ 6 ሻምፒዮንስ ሊግ በላ፣ በ2024ቱ ፍጻሜ ደግሞ ማትሰን የነበረበትን ዶርትሙንድ ላይ የመጀመሪያዋን ጎል በግንባሩ ያስቆጠረው እሱ ነው። የጋላገር ውል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስለመኖሩ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።