ከነርሰሪ እስከ 12ኛ በአንድ ግቢ? ጥቆማ ለጎጃም ወላጆች

ጥያቄ (ባሕር ዳር)
ልጃችን ለመስከረም 4 ዓመት ትደፍናለች። ነርሰሪ አስገብተናት 12ኛንም እዚያው ትጨርስ ወይስ በየደረጃው እንቀያይር? የግልና የመንግሥቱን አነጻጽራችሁ ጠቁሙን። ስለ ሰርቪስና ዩኒፎርምም ሐሳብ ያላችሁ ጣል አድርጉ።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)
እህቴ፣ ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ነርሰሪው የማያምር የግል ትምህርት ቤት የለም፤ ዥዋዥዌውም ግድግዳ ላይ የተሣለው አንበሳም ሁሉም ጋ አንድ ነው። 15 ዓመት ልትከፍዪበት ከሆነ መታየት ያለበት 12ኛው ነው።

አጥሩ ላይ የተሰቀለው ባነር የአንድ ጎበዝ ልጅ ፎቶ ስለሆነ እሱን ተዪው። ርዕሰ መምህሩን ሁለት ቁጥር ጠይቂ፦ ባለፈው ዓመት 12ኛ ስንት ተፈተኑ? 50 በመቶና በላይ ያመጡትስ ስንት ናቸው? ቀጥለሽ ደግሞ፣ እነዚያ ልጆች 9ኛ ሳሉ ስንት ነበሩ በዪ። 60 ገብተው 22 ብቻ ተፈትነው ከሆነ የቀሩት የት እንደሄዱ ያስረዱሽ። ደካማውን በመንገድ እያራገፉ «መቶ በመቶ አሳለፍን» ማለት ቀላል ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም።

ከዚያ «ላብራቶሪውን ክፈቱልኝ» በዪ። ቁልፉ ሲፈለግ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ መልስሽን አገኘሽ። ከተከፈተም የውኃ ቧንቧውን ዘወር አድርጊው፤ ቢከሮቹ ላይ የተኛውን አቧራ እዪ፤ የኬሚካል ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቢ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ይለያያል። ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስለማይሞላላቸው አንዱን ብቻ ይከፍታሉ። ታሪክና ጂኦግራፊ የምትወድ ልጅ ከነርሰሪ ጀምራ የኖረችበትን ግቢ 11ኛ ላይ ትሰናበታለች ማለት ነው። ይህን ገና በምዝገባው ቀን ጠይቁ።

በመንግሥት በኩል እስከ መጨረሻው አንድ ግቢ አትጠብቂ። ከኦ ክፍል እስከ 8ኛ አንድ ቦታ ትቆያለች፤ 9ኛ ሲደርስ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትሻገራለች፤ ባሕር ዳር እንደ ጣና ሐይቅ፣ ፍኖተ ሰላም እንደ ዳሞት ያለው ማለት ነው። ፈረቃ ካለው ግማሽ ቀን ማን ጋ እንደምትውል ከወዲሁ አስቡበት።

የኔ ጥቆማ፦ 12ኛው ካሳመናችሁ እዚያው ትቀመጥ። ካላሳመናችሁ እስከ 8ኛ የግል፣ ከ9ኛ ጀምሮ የመንግሥት። ለመቀየር ደህናዎቹ 7ኛና 9ኛ ናቸው፤ 8ኛንና 12ኛን ግን አትንኩ፤ በፈተና ምዝገባ መካከል መልቀቂያ ይዞ መዞር ጣጣ ነው። ለነገሩ ጎጃም ውስጥ ቦታ መቀየር አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ንባቡን በደብሩ፣ ዜማውን ሌላ ቦታ ተምሮ ለቅኔው ዋሸራ ወይ ጎንጅ ይወርዳል። ልጅን የሚጎዳው ዓመቱ ሳያልቅ መንቀል ነው።

ሬከርድ ክፍል (ፍኖተ ሰላም)
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ቦታ መቆየት የሚጠቅመው ለወረቀቱም ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ከአንድ መዝገብ ይወጣል። ግን አንድ ስህተትም 15 ዓመት አብሮ ይጓዛል። የነርሰሪ መምህሯ ስሟን በጆሮዋ እንደሰማችው ትጽፋለች፤ የቤት ስሟ የሚመዘገብበትም ጊዜ አለ። «ፀሐይ» ይሁን «ጸሀይ»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ፊደል በፊደል፣ ከልደት የምስክር ወረቀቷ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። የአያት ስም ሳይረሳ። 8ኛ ሚኒስትሪ ከመመዝገቧ በፊት ከሆነ ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ካርዱ ከወጣ በኋላ ግን ምልልሱ ብዙ ነው። በየዓመቱ የሰኔ ካርድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡት፣ ይበቃል።

ወላጅ ኮሚቴ (ዳንግላ)
ለአዊ ሰዎች፦ እኛ አካባቢ ባሉ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የታችኞቹ ክፍሎች በአገውኛ ነው የሚማሩት። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ማርቆስ መሄድ የምታስቡ ካላችሁ ልጁ አማርኛ ማንበቡን ቀድማችሁ እዩ።

ሰርቪስን በተመለከተ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በወር ውድ ቢመስልም ረዳት አብሮት ካለ ለነርሰሪ ልጅ እሱ ይሻላል። የባጃጅ ኮንትራት ርካሽ የሚሆነው ሾፌሩ ልጅ ስለሚደራርብ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ የተሠራችው ከኋላ ለሦስት ሰው ነው። ከተዋዋላችሁ ስንት ልጅ እንደሚጭን ቁጥሩን ቁረጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ።

ልብስ ሰፊ (ባሕር ዳር)
ትምህርት ቤቱ «ከኛ ብቻ» ካላለ ጨርቁን ገዝታችሁ አሰፉ። ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ተጨማዶ ከቀረ ጥጥ ይበዛዋልና ከመቆረጡ በፊት አንዴ ይታጠብ፤ አለዚያ ሲታጠብ ያጥራል። ከታች 6 ሳንቲ ሜትር እጥፋት አስቀሩ፤ ልጅ ሲያድግ ይለቀቃል። ሹራቡን ግን ከትምህርት ቤቱ ግዙ፣ ቀለሙ ከገበያው ጋር አይገጥምም። ደግሞም ከነርሰሪ ወደ 1ኛ፣ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ሲሻገሩ ቀለም የሚቀይሩ አሉና በመጨረሻው ዓመት ሁለተኛ ዩኒፎርም አታሰፉ።