የእናቴን ስዕሎችና ደብተሮች ምን ላድርጋቸው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሰዓሊም ጸሐፊም ነበረች፣ የፒያሳው ቤታችን ሲፈርስ ሁሉንም በካርቶን ይዘን ወጣን እና አሁን 30 ምናምን ሸራና የደብተር ክምር እኔ ጋ አለ። ትናንት አንዱን ስገልጠው ግማሽ ግጥም፣ ጎኑ ላይ የቡና ስኒ ምልክት፣ ከስሩ በሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣቷ አሻራ። እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሙት ዓመቷ የሆነ ነገር ማዘጋጀት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ቀለም፦ ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሸራ ከጠቀለልሽ ቀለሙ ወደ ውጪ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ይሰነጣጠቃል። ደብተሮቹን ደግሞ በፍጹም ላሚኔት እንዳታስደርጊ፣ ስካን ብቻ፣ ያቺን አሻራ ያለባትን ገጽ መጀመሪያ።

አራት ኪሎ፦ ያሳተመችው ካለ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሄደሽ ፈልጊ። መብቱም የወራሾች ነው፣ በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ 410 ከሞተች በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ ስለዚህ ወንድም እህቶችሽን ሳታማክሪ ለማንም አሳታሚ እንዳትፈርሚ።

እማማ ዘነቡ ሰፈር፦ ጓደኞቿን ቡና ጥሪያቸውና ስለሷ ሲያወሩ ድምጻቸውን ስልክሽ ላይ ቅጂ የኔ ልጅ፣ እኛ ለእናታችን ሳናደርገው ሁለቱ ጓደኞቿ አረፉብን።

የፒያሳ ልጅ፦ እሁድ እጠራቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።